ሰርጉ ዱከም፣ ቤትህ ቱሉ ዲምቱ፦ ጠጥተህ ሳትነዳ ማታ እንዴት ትገባለህ

ጠጥቶ መንዳት መጥፎ እንደሆነ የማያውቅ ሹፌር እስካሁን አላጋጠመኝም። መንጃ ፍቃድ ስናወጣ ተምረነዋል፣ በሬድዮ ሰምተነዋል፣ በሰው ሲደርስም አይተናል። ግን ጥር ወር ቅዳሜ ማታ ከከተማ ወጣ ያለ ሰርግ ቤት በር ላይ ቁምና እይ፣ ቀበቶውን ለማሰር ሶስቴ የሚሞክር ሹፌር አታጣም። እውቀት አጥቶ እንዳይመስልህ፣ መመለሻ አጥቶ ነው። ቦሌ የጠጣ ሰው ስልኩን አውጥቶ ራይድ ወይ ፈረስ ይጠራል፣ ትንሽ ጠብቆ ይገባል። እኛ ዳር ያለነው፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ያለን ሰዎች ግን ሲመሽ ሚኒባሱ ያልቃል፣ በአፕ የጠራኸው ሹፌርም ደውሎ "መድረሻ የት ነው?" ይልሃል፣ ሰፈርህን ስትነግረው ዝም ይልና ካንስል ያደርጋል። አይፈረድበትም፣ ባዶውን ነው የሚመለሰው። መኪናህ ደሞ እዛው በር ላይ ቆማለች፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው፣ "ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ" የምትለዋ ነገር እዚች ጋር ትመጣለች።

"ቀስ እያልኩ" ብዬ የሄድኩበትን ልንገርህ። 2011 ጥር ላይ ነው፣ ዱከም የሚስቴ ዘመድ ሰርግ ነበር። አምስት ቢራ ጠጥቻለሁ፣ ላዩ ላይ ሁለት ብርሌ ጠጅ፣ አማቼ በራሳቸው እጅ ስለቀዱልኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። ሚስቴ ልጆቹን ይዛ እዛው አደረች፣ እኔ ነገ ስራ አለኝ ብዬ ከሌሊቱ 6 ሰአት አካባቢ በድሮዋ ዲኤክስ ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር የሰከርኩ አልመሰለኝም ነበር፣ እንደውም ከወትሮው የተሻለ የነዳሁ ነው የመሰለኝ፣ መስኮቱን ከፍቼ እየዘፈንኩ ነበር። ገላን ሳልደርስ መንገዱ ጨለማ የሆነበት ቦታ ላይ ፊት ለፊቴ ሁለት አረንጓዴ ነጥብ በራ፣ የፈረስ አይን ነው። ጋሪ አስፋልቱን እያቋረጠ፣ ፈረሱ ፓውዛውን አይቶ አንገቱን አዙሮ ቆመ። አንገቱ ላይ የታሰረችው ቀይ ክር አሁን ድረስ ትታየኛለች። ፍሬን መርገጥ እንዳለብኝ ጭንቅላቴ ያውቃል፣ እግሬ ግን ፍሪሲዮኑን ነው የረገጠው፣ መኪናዋ እንደውም ተፈታ። ሁለተኛውን እግር እስካነሳ የጋሪውን የኋላ ጎማ መትቼ ጭዱ በሙሉ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ፈረሱም ልጁም ተረፉ፣ የእግዜር ስራ ነው፣ ሌላ ምንም ልለው አልችልም። ልጁ 15 አመት ቢሆነው ነው፣ ልጓሙን እንደያዘ መጥቶ በመስኮቱ አየኝና "ጋሼ፣ ጠጥተዋል እንዴ?" አለኝ። በእርስዎ! ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በሽማግሌ ጋሪውን አሰራሁ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዛ ወዲህ ጠጥቼ አልነዳም፣ ግን ሰርግም አልቀረሁም፣ ቢራም አልተውኩም። ስለዚ ከዚህ በታች የምጽፈው መጠጥ ተው የሚል ምክር አይደለም፣ ጠጥተህ ቤትህ የምትገባበትን መንገድ ነው።

መጀመሪያ ስንት ጠጥቼ ስንት ይሆናል የሚለውን እንይ፣ ሰዉ የሚሸወደው እዚህ ጋር ስለሆነ። በ2003 ዓ.ም የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል ነበር፣ እኔም ሂሳቡን በሱ ነው የምሰራው። በትንፋሽ ሲለካ በአንድ ሊትር ትንፋሽ 0.4 ሚሊ ግራም አካባቢ ይመጣል። አሁን ሂሳቡን ስራው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ 5 ፐርሰንት ከሆነ፣ ውስጡ 13 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ላይ አንዱ ቢራ ደሙን በ0.27 ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ሶስቱን ቶሎ ቶሎ ከጠጣ 0.8 ላይ ደረሰ ማለት ነው። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ላይ ደሞ ሁለት ቢራ ይበቃል፣ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚያንስ ነው እንጂ የጥንካሬ ጉዳይ አይደለም። ይሄ ግምት ነው፣ ክትፎ በልተህ መጠጣትና በባዶ ሆድ መጠጣት ይለያያል፣ ግን ክትፎው መጠጡን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጠጅ ላይ ደሞ ጭራሽ ሂሳብ የለም። አንዱ ቤት ለስላሳ ነው 7 ፐርሰንት፣ ሌላው ቤት የቆየ ደረቅ ነው 12 እና 14 ይደርሳል፣ ብርሌው ላይ ተጽፎ አይመጣም። ጠላም እንደዛው ነው፣ የእናቶች እጅ ነው የሚወስነው። አረቄ 40 ምናምን ፐርሰንት ስለሆነ ትንሿ መለኪያ ከአንድ ቢራ ብዙም አትርቅም፣ ማር ከተቀላቀለበት ግን ሳታስበው ሶስት ትጨልጣለህ። ስለዚ የቤት መጠጥ የጠጣህ ቀን "ስንት ጠጣሁ" ብለህ አትቁጠር፣ ቁጥሩ አይረዳህም፣ በቃ አትንዳ።

ሌላው 0.8 የቅጣት መስመር ነው እንጂ የደህንነት መስመር አይደለም። የአለም ጤና ድርጅት ለአገሮች የሚመክረው 0.5 ነው፣ ለጀማሪ ሹፌር ደሞ ከዛም ያንሳል። ከስካር በፊት የሚሄደው ፍርድህ ነው፣ እኔ ስዘፍን እንደነበረው ደህና የነዳህ ይመስልሃል። ከዛ አይንህ፣ በጎን የሚመጣው ነገር ይጠብሃል፣ ከፊት የመጣ ረጅም መብራት ካደነዘዘህ በኋላ ማየት እስክትጀምር ይቆያል። ከዛ እግርህ። በሰአት 80 እየነዳህ ግማሽ ሰከንድ ብትዘገይ መኪናዋ 11 ሜትር ገደማ ሄዳለች፣ ሁለት ሚኒባስ ተከታትለው የሚቆሙበት ቦታ ማለት ነው። ዳር ከተማ ላይ ደሞ እነዚህ 11 ሜትሮች ባዶ አይደሉም። የመንገድ መብራት ያልገባበት ብዙ ነው፣ የኋላ መብራት የሌለው ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ከፋብሪካ ሺፍት የወጡ ልጆች ጠርዝ ጠርዙን በእግር ይመጣሉ፣ የተበላሸ ሲኖትራክ መንገዱ መሀል ቆሞ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ደርድሮበታል። ሲኖትራኩ ከሄደ በኋላ እንኳን ድንጋዩ እዛው ነው። ይሄን ሁሉ ሳትጠጣም በግድ ነው የምታየው።

እሺ አሁን ወደ ዘዴው። ውሳኔው የሚወሰነው ቀን ነው፣ ሸሚዝ እየተኮስክ ባለህበት ሰአት። ማታ ሞቅ ካለህ በኋላ የሚወስነው አንተ አይደለህም፣ ሌላ ሰውዬ ነው፣ ያ ሰውዬ ደሞ ሁሌም "ደህና ነኝ" ነው የሚለው። ከቤት ሳትወጣ አንዷን ምረጥ፦ ወይ መኪና ይዤ እሄዳለሁ አልጠጣም፣ ወይ እጠጣለሁ መኪና አልይዝም፣ ወይ እጠጣለሁ መኪናዋም እኔም እዛው እናድራለን። አራተኛዋ "እንደሁኔታው አያለሁ" የምትለዋ ናት፣ ጋሪው ላይ ያወጣችኝ እሷ ናት።

መኪና የማትይዝ ከሆነ መመለሻህን ቀን ጨርስ። በአፕ የሚሰሩ ሹፌሮች ሌሊት ወደ ዳር መምጣት የማይፈልጉት ስለ መመለሻው ነው ብያለሁ፣ ስለዚ ከአንድ የምታውቀው ሹፌር ጋር በቀጥታ ተነጋገር፣ "ሌሊት 6 ሰአት ከዱከም ቱሉ ዲምቱ፣ የመመለሻህንም ጨምሬ እከፍላለሁ" በለው፣ ዋጋውን ቀን ላይ ቁረጥ፣ ግማሹን በቴሌብር ላክለት። ቀብድ የበላ ሹፌር ስልኩን አያጠፋም። ሰፈርህ ውስጥ ማታ የሚሰራ ባጃጅ ካለ ደሞ የልጁን ስልክ ያዝ፣ ከአስፋልት እስከ ኮንዶሚኒየሙ ያለችውን ጨለማ እሱ ይጨርስልሃል። ሌሊት ላይ ዋጋ ይጨምርብሃል፣ አትከራከረው። የአንድ ፍሬን መብራት ዋጋ አታወጣም።

አራት አምስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ አንዱ አይጠጣም፣ ተራ ነው፣ ዛሬ እኔ ነገ አንተ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው "ትንሽ የጠጣው ይንዳ" ማለቱ ነው። ትንሽ የጠጣ የሚባል ሹፌር የለም፣ አልጠጣም ያለ ነው የሚነዳው፣ ቁልፉም ከመጀመሪያው እሱ ኪስ ይገባል። ለዛ ሰውዬ ክብር ስጡት፣ ቤንዚን አታስወጡት፣ ስጋውን መጀመሪያ ለሱ አቅርቡ፣ "አንተማ ሹፌር ነህ" እያላችሁ ስትስቁበት አታምሹ። እኔ ተራዬ ሲሆን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ላለመጠጣት የወሰነ ሰው ትልቁ ጠላት ትራፊክ ሳይሆን ጋባዥ ነው። "በሞቴ! አንዴ ብቻ!" ሲሉህ ምን ትላለህ? እኔ የሞከርኩትን ልንገርህ። "ሹፌር ነኝ" ማለት አይሰራም፣ "እኛስ በእግራችን ነው የመጣነው?" ይሉሃል። የሚሰራው "መድሀኒት ላይ ነኝ" ነው። አንቲባዮቲክ ጀምሬያለሁ በል፣ ሀበሻ እዚች ጋር ይሸነፋል፣ እንደውም "እግዜር ይማርህ" ይሉሃል። ውሸት ነው? አዎ፣ እኔ ግን በዚህ ውሸት ንስሀ አልገባም። ሁለተኛው ዘዴ እጅህን ባዶ አለማድረግ ነው፣ ማልት ጠርሙስ ከያዝክ ከሩቅ ቢራ ነው የሚመስለው፣ ብርዝ ካለ በብርሌ ብርዝ አስቀዳ፣ ቀለሙ ከጠጅ አይለይም። ብርሌህ ሙሉ ሆኖ ሲታይ ማንም አይቀዳልህም፣ የሚቀዱት ለጎደለው ነው።

መኪና ይዘህ ሄደህ ከጠጣህስ? ይሄ ነው ዋናው፣ እቅዱ ሲበላሽ። መኪናዋን እዛው ተዋት። ሰርግ ቤቱ ጥበቃ አለው፣ ጋሼን ጠርተህ ቁልፉን ሳይሆን መኪናዋን አደራ በላቸው፣ የሻይ ስጣቸው፣ ስልካቸውን ያዝ፣ ሊብሬና ላፕቶፕ ምናምን ካለ አውጥተህ ውሰድ። የሰርግ ጥበቃ ብዙ አይተዋል፣ አንዴ አንዱ አባት "ልጄ፣ መኪና ብትሰረቅ እኔ እጠየቃለሁ፣ አንተ ብትሞት ማን ይጠየቃል" አሉኝ። ከዛ ወይ ዘመድ ቤት እደር፣ ወይ ፔንሲዮን ያዝ፣ ዱከምም ቢሾፍቱም በዚህ አይታሙም። መኪና ውስጥ የምትተኛ ከሆነ ከሹፌር ወንበር ውረድና ከኋላ ተኛ፣ እዚህ ላይ ግን ቁልፉንም ለጥበቃው ስጥ፣ ሌሊት ተነስተህ እንዳትነዳ። ብርድ ነው ብለህ ሞተር አስነስተህ መስኮት ዘግተህ እንዳትተኛ፣ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሳትነቃ ትቀራለህ።

ቡና ጠጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ አስመልሼ እነዳለሁ የሚል አለ። ቡና እንቅልፍህን ያባርረዋል፣ ስካሩን አይነካውም፣ ነቅቶ የሰከረ ሹፌር ነው የምትሆነው። አልኮል ከደም የሚወጣው በጉበት ነው፣ ጉበት ደሞ የሚሰራው በራሱ ፍጥነት ነው፣ በሰአት ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም አካባቢ። አንድ ቢራ ለመውጣት ሁለት ሰአት ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው፣ ማንም ሊያፈጥነው አይችልም።

ይሄ ቁጥር የጠዋቱን ጉዳይ ያመጣዋል፣ ሰው ጭራሽ የማያስበውን። ከምሽቱ 12 ሰአት እስከ ሌሊቱ 6 ሰአት 10 ቢራ የጠጣ 70 ኪሎ ሰው፣ ከላይ ባለው ሂሳብ ሌሊት 6 ሰአት ላይ 1.8 አካባቢ ነው። ተኝቶ ጠዋት 12 ሰአት ሲነሳ ገና 0.9 ላይ ነው። ሻወር ወስዷል፣ ሸሚዝ ቀይሯል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ነው፣ አልኮል መመርመሪያው ላይ ቢነፋ ግን ከወሰኑ በላይ ነው። ጠዋት 11 ሰአት ተራ የሚይዙ የሚኒባስ ሹፌሮችን ሳስብ ይሄ ነገር ያስፈራኛል። ብዙ የጠጣህ ማግስት እስከ ቀትር መኪና አትንካ፣ ስራ ካለህ በባስ ሂድ።

ስለ ጫትም እናውራ፣ እኛ አገር ጠጥቶ መንዳት ብቻውን አይመጣም። ቅዳሜ ከሰአት በርጫ ተቀምጦ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል፣ ከዛ ይነዳል። ጫት ያነቃል፣ መጠጥ ያደነዝዛል፣ ሁለቱ ተጣፍተው እኩል የሚወጡ የሚመስለው አለ። አይጣፉም። የጫቱ ንቃት የመጠጡን ስካር ይሸፍነዋል እንጂ አይቀንሰውም፣ ስለዚ የቃመ ሰው ሳይታወቀው ብዙ ይጠጣል፣ አይኑ ፈጦ እጁ ግን ሰክሯል። ምርቃናው ሲወርድ ደሞ እንቅልፉ በአንዴ ነው የሚጥለው፣ ሌሊት ሙሉ የሚነዱ የአይሱዙ ሹፌሮችን ጠይቅ። የጉንፋን መድሀኒት የሚባሉትም ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ከቢራ ጋር ሲገናኙ ይብሳል፣ ፋርማሲ ስትገዛ "ሹፌር ነኝ" በላቸው፣ እዛ ጋር ይሰራል።

ሕጉ ጋ እንግባ። ትራፊክ አስቁሞህ አልኮል ከተገኘብህና ምንም ጉዳት ካላደረስክ ነገሩ የደንብ ጥሰት ነው፣ ትቀጣለህ፣ መንጃ ፍቃድህ ላይ ይመዘገባል፣ እግድም ሊመጣ ይችላል። ሲያስቆሙህ ንፋ ካሉህ ንፋ። "የማን ዘመድ መሆኔን ታውቃለህ" አትበል፣ ብር አታውጣ፣ ጉቦ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ አንዱን ጥፋት ሁለት ታደርገዋለህ። የሚነዳልህ ያልጠጣ ሰው ካለ ጥራው፣ ከሌለ መኪናዋ ትቁም።

ሰው ከሞተ ግን ሌላ አለም ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። ተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 አመት ቀላል እስራት ነው። ሹፌርን የመሰለ የሰው ህይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ንኡስ አንቀጽ 2 ላይ ይወድቃል፣ ከ1 እስከ 5 አመት። ሶስተኛው ግን፣ ሹፌሮች "543 ሶስት" እያሉ የሚፈሩት፣ ከ5 እስከ 10 አመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ ነው። እዛ የሚያስገባህ ሁለትና ከዛ በላይ ሰው መሞቱ፣ ወይ ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቅክ መጣስህ፣ ወይ መጠጥ ወይ አደንዛዥ እጽ ወስደህ ራስህን ኃላፊነት የማይሰማው ማድረግህ ነው። ልብ በል፣ ያው አደጋ፣ ያው መንገድ፣ ያው የሞተ ሰው፣ ቢራው ብቻ ነው ከአንዱ ንኡስ አንቀጽ ወደ ሌላው የሚያሻግርህ።

"ሰክሬ ነበር፣ ምን እንደሰራሁ አላውቅም" ማለትም አያድንም። የዛው ሕግ አንቀጽ 50 በራሱ ጥፋት ራሱን ያሰከረ ሰው በዛ ሰበብ ከኃላፊነት እንደማያመልጥ ይናገራል። ሽማግሌስ? ሽማግሌ አስፈላጊ ነው፣ እኛ አካባቢ ጉማ አለ፣ ቤተሰብ ይታረቃል፣ ደም ይደርቃል፣ ቅጣት ሲወሰንም እርቁ ሊያቀልልህ ይችላል። ክሱን ግን አያስቀረውም፣ ከሳሹ አቃቤ ሕግ ነው እንጂ የሟች ቤተሰብ አይደለም። ብዙ ሰው ካሳ ከፍለን ጨርሰናል ብሎ ተዘናግቶ መጥሪያ ሲደርሰው ይደነግጣል።

ኢንሹራንስ ላይ ብዙ ሰው የተሳሳተ ተስፋ አለው። የሶስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፣ ግን የቆመው ለተጎጂው ነው፣ ያንተን መኪና አይሰራልህም፣ የሚከፍለውም ጣሪያ አለው፣ ከጣሪያው በላይ ያለው ካንተ ኪስ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ የምትል ደሞ ፖሊሲህን ከመሳቢያ አውጣና የማይሸፍናቸውን ነገሮች ዝርዝር አንብብ፣ በአልኮል ተጽእኖ ስር መንዳት እዛ ውስጥ የተለመደ ነው።

ድንገት አደጋ ከደረሰ፣ ጠጥተህም ቢሆን፣ ቁም። መኪናዋን ካለችበት አታንቀሳቅስ፣ ትራፊክ መጥቶ የአደጋውን ንድፍ፣ ፕላን የሚሉትን፣ እስኪያነሳ። 907 ደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 991 ፖሊስ ነው። የመንደሩ ሰው ተቆጥቶ ለህይወትህ ከፈራህ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ እጅህን ስጥ፣ ግን ቤትህ እንዳትሄድ። ራስህ የጎዳኸውን ሰው ጥለህ መሄድ በአንቀጽ 575 ለብቻው ያስጠይቃል። ከዛ በላይ ደሞ ሌሊት ዳር መንገድ ላይ የተጣለ ሰው በሚቀጥለው መኪና ነው የሚገጨው።

አንድ የቀረችኝ፣ መኪና የምታውስ ሰው ከሆንክ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ራሱ ባይነዳም። ሞቅ ያለው ጓደኛህ "ሲጋራ ገዝቼ ልምጣ፣ ቁልፉን ስጠኝ" ሲልህ የምትሰጠው ቁልፍ ብቻ አይደለም፣ ቤትህንም ጨምረህ ነው።

ቁልፍ መቀበል ደሞ ዘዴ ይፈልጋል። የሰከረን ሰው "ሰክረሃል" ካልከው ጸብ ነው፣ በተለይ ሰው ፊት። ለብቻው ወስደህ "መኪናህ መንገድ ዘግታለች፣ ላንቀሳቅሳት" በለውና ቁልፉን ተቀበለው፣ ከዛ ጥፋ። ወይ ሚስቱን ንገራት፣ እህቱን ንገራት፣ ሴቶች ከኛ ይሻላሉ። አንድ ገላን የሚኖር ጓደኛዬ ክርስትና አስነስቶ፣ እንግዳ ሸኝቼ መጣሁ ብሎ ሌሊት 7 ሰአት ቁልፍ መፈለግ ጀመረ። ኮቱን አገላበጠ፣ ሶፋ አነሳ፣ እኔን ፈተሸኝ፣ ሚስቱ ከኩሽና ሆና "የት አስቀመጥከው?" እያለች አብራ ትፈልጋለች። ሲደክመው ጫማውን እንዳደረገ ሶፋው ላይ ተኛ። ጠዋት ቡና ሲፈላ ቁልፉን ከበርበሬ ጣሳ ውስጥ በማንኪያ አውጥታ ሰጠችው። እሱም ጎማ ልፈትሽ ብሎ ወጣና አይኑን አሽቶ፣ እያለቀሰ ተመልሶ መጣ።